ሦስት ቁጥር ውታፍ

ልጆቼ፣ ቂርያት ማላኪ ቤቴ ስትመጡ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ሳባ፣ አንተ አትጠጣም። ይህ ሁሉ ጠርሙስ ምን ያደርግልሃል?» ሳሎኔ ውስጥ 17 ካራፋና 2 የመጠጥ ሣጥን አለ። ሚስቴማ አቧራቸውን ማራገፍ ከተወች ቆየች። እንግዲህ ዛሬ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ፤ የለመዳችሁት እሱን ነው።

የመጠጥ ሣጥን ፈረንጆች የሰው አገር ሲይዙ ይዘውት ይዞሩ የነበረ ዕቃ ነው። ከእንጨት ይሠራል፣ ማዕዘኑ በናስ ወይም በብረት ይያዛል፣ ውስጡ በከፋይ ይለበጣል። ጠርሙሶቹ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ናቸው። ክብ ጠርሙስ ቦታ ያባክናል፣ በመርከብና በበቅሎ ላይም እርስ በርሱ ይጋጫል። ቁልፍም አለው፤ መኮንኑ አሽከሩን አያምንማ! ውታፉ ደግሞ ራሱ መስታወት ነው። የጥንቱ ብርጭቆ ሠሪ እያንዳንዱን ውታፍ ከራሱ ጠርሙስ አፍ ጋር እያፋጨ ነበር የሚያስማማው፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። እንዳይቀላቀልባቸው በውታፉና በጠርሙሱ አንገት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጭሩ ነበር። ይህችን ያዙልኝ።

በእኛ አገር የጌቶች ዕቃ ብርሌ ነበር። ጠጅ የመኳንንት መጠጥ በነበረበት ዘመን ጌታው በብርሌ፣ ሌላው በቀንድ ዋንጫ ይጠጣ ነበር። መስታወቱ ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል፣ በግመልና በበቅሎ፣ ያን ሁሉ ገደል አልፎ ጎንደር ሲደርስ ስንቱ ተሰብሮ እንደሚቀር አስቡት። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። ስሙም ቢሆን በኦሪት ዘፀአት፣ በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱ ከሆነው ከቢረሌ ጋር አንድ ነው።

አባቴ ወለቃ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር። ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1936 ነው። በኅዳር 1941 እጁን ሲሰጥ፣ መኮንኖቹ የተዉት ዕቃ ገበያ ወጣ። አባቴ አንድ የመጠጥ ሣጥን በሁለት ማረሻና በአንድ ማጭድ ለወጠ። ስድስት ክፍል ነበረው፤ የተረፈው ጠርሙስ ግን አራት ነው። ቁልፉ ተገንጥሎ ስለነበር ራሱ አዲስ ሠራለት። እናቴ ግን «የጣሊያን መጠጥ የነበረበትን ቤቴ አላስገባም» አለች። ጉዳዩ ቄስ ዘንድ ደረሰ። ኦሪት የረከሰ ሸክላ ይሰበር፣ እንጨት ይታጠብ ይላል፤ ስለ መስታወት ግን እዚያ ቦታ ላይ አይናገርም። ቄሱ አሰቡ፣ አሰቡና «በአሸዋ ፈትጋችሁ ወራጅ ውኃ ውስጥ አሳድሩት» አሉ። እዚህ ስመጣ ነው የጥንት ሊቃውንትም መስታወት ከአሸዋ ስለሚሠራ እንደ ሸክላ ነው ብለው እንደነበር የሰማሁት። እስከ ዛሬ ስፋራዲዋ ጎረቤቴ ለፋሲካ ብርጭቆዋን አጥባ ትገለገልበታለች፤ አሽከናዚው ግን ያጠብቃል። የእኛ ቄስ ያለ ታልሙድ መሐል ላይ ደረሱ ማለት ነው!

ያ ሣጥን የቤታችን ኩራት ነበር። ቀጥቃጭ «ቡዳ» በሚባልበት አገር፣ የጣሊያን መኮንን ዕቃ ቤታችን መቀመጡ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1990 ወደ አዲስ አበባ ልንወጣ ስንሰናዳ ሣጥኑ ጠፋ። አባቴ «ተሰረቀ» አለ። እኔ የጠረጠርኩት ክርስቲያን ጎረቤታችንን ነው፤ ሁልጊዜ ዓይኑን ይጥልበት ነበር። ሳልሰናበተው ወጣሁ። በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዝ እኛም ባዶ እጃችንን መጣን። እዚህም ለአሥር ሰው ሌባ ነው ብዬ ያን ሰው አማሁት።

ያቬኔ አንድ የብረት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሳለ፣ በ1994 ያፎ ሹክ ሃፒሽፔሺም ውስጥ የእኛን የሚመስል ሣጥን አየሁ። ግማሽ ደመወዜ ሄደ። ከዚያ በኋላማ አልተመለስኩም። ገዴራ በ1884 ቢሉዊም የመሠረቷት፣ ወይን የተተከለባት ከተማ ናት፤ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ካራፋው ከነአቧራው መንገድ ላይ ይጣላል፣ እኔም አነሣለሁ። ያቬኔ ውስጥ ደግሞ 1,500 ዓመት ገደማ የሆነው ትልቅ የወይን ጠጅ መጭመቂያ ተቆፍሮ በ2021 ይፋ ሲሆን ሄጄ አየሁ። አምስት መጭመቂያ ነው፤ በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ያወጣ ነበር ይላሉ። እዚያው የአሜቴስጢኖስ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል። የጥንት ሰዎች ይህ ድንጋይ ስካር ይከላከላል ይሉ ነበር። እሱም ከአሮን ድንጋዮች አንዱ ነው፣ ከቢረሌ አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ።

አባቴ በ1996 ሊሞት ሲል ከትራሱ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣና በእጄ አስጨበጠኝ። የመስታወት ውታፍ ነው። «ሣጥኑን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ለጎረቤታችን» አለኝ። ለመኪና የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። ሰውዬው ከዋጋው በላይ ከፈለው፣ ለማንም እንዳይናገርም ማለለት፤ አባቴ በእኛ ፊት አፍሮ ነበርና። «ውታፉንስ ለምን አስቀረህ?» አልኩት። «ሙሉውን መስጠት አልሆነልኝም» አለ።

ያማሁበትን አሥሩን ሰው አንድ በአንድ እየዞርኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ሰውዬውን ግን አላገኘሁትም፤ ሞቷል አሉኝ።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ውታፉን በስልኳ መብራት ስታገላብጥ ከሥሩ የተጫረ «3» አገኘች። ለ27 ዓመት በእጄ ይዤው አላየሁትም፤ ዓይኔስ ቢሆን! ከያዝኳቸው ካራፋዎች አንዱም ሦስት ቁጥር የለበትም፣ ውታፉም አይገጥማቸውም።

አሁን ጎንደርን ልታይ ልትሄድ ነው። ውታፉን በእናቴ ነጠላ ቅዳጅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። «ወለቃ የሰውዬውን ልጆች ፈልጊ። ሣጥኑ ቢኖር እንዳትገዥው፣ እንዳትጠይቂም። ሦስት ቁጥር ጠርሙስ ካለ ክደኚውና ተመለሺ» አልኳት።