ያልተከፈለ ዕዳና የብድር ታሪክ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ያልተከፈለ ዕዳ የተበዳሪውን የብድር ታሪክ በሦስት መንገድ ይነካል፤ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት፣ በአበዳሪው ተቋም መዝገብና በጎረቤት ዘንድ። በሰነድ በሰፊው የሚገኘው የመጀመሪያው ነው። በደባርቅና በዳባት ገጠር ቀበሌዎች ግን የገበሬውን ቀጣይ ብድር ይበልጡን የሚወስኑት የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ቁራኛ

በቀድሞው ሥርዓት ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ወይም በልብሱ ጫፍ ተቋጥሮ አብሮ እንዲውል ይደረግ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ይህን ልማድ ደጋግመው መዝግበዋል። መነሻው ከሳሽና ተከሳሽን አቆራኝቶ ዳኛ ፊት ማቅረብ ይመስላል፤ ባለዕዳን ማስጨነቂያ የሆነው ምናልባት ከዚያ በኋላ ነው። ያም ሆነ ይህ ባለዕዳው ከቁራኛ የሚወጣው ሲከፍል ወይም ዋስ ሲጠራ ነበር። ዋስ የሚሆነውም ሰውየውን የሚያውቅ ነውና፣ ቀድሞ ዋሱን ያስከፈለ ሰው ሁለተኛ ዋስ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነበር። የብድር ታሪክ ከመዝገብ በፊት በዚህ መልክ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

የቡድን ዋስትና

በአማራ ክልል ገጠር የብድር ዋናው በር ለረጅም ጊዜ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ተቋሙ መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ያበድር ነበር። ጥቂት የሚተዋወቁ ሰዎች ተጠራርተው ቡድን ይመሠርታሉ፤ የቀበሌው ኮሚቴ ስማቸውን አይቶ ያጸድቃል፤ እያንዳንዱም ለሌላው ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ከአባላቱ አንዱ በግ ለማርባት ወስዶ በጎቹ ቢያልቁበት፣ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ወርዶ ቢቀር፣ ቀሪዎቹ ይከፍሉለታል ወይም ቀጣዩ ብድር በጠቅላላው ቡድን ላይ ይዘጋል። ቀኑን ጠብቆ የከፈለ አባል የራሱ መዝገብ ንጹሕ ሳለ በጓደኛው ዕዳ መታገዱ የዚህ አሠራር ከባዱ ጎን ነው። ያልከፈለው ሰው ተመልሶ ቢመጣም የሚያስጠጋው ቡድን አያገኝም፤ ብዙ ጊዜም ወደ አራጣ አበዳሪ ይገፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በውል የሚወሰን የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል።

የመረጃ ቋቱ

ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል እንዲቋቋም በ1996 ዓ.ም. መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. አሠራሩን የሚያሻሽል ሌላ መመሪያ ተከትሏል። አበዳሪው አዲስ ብድር ከመፍቀዱ በፊት የአመልካቹን ታሪክ ከቋቱ ይመለከታል። በባንክ ደንብ እስከ 30 ቀን የዘገየ ብድር ጤናማ ነው፤ እስከ 90 ቀን ልዩ ክትትል ይደረግበታል፤ 90 ቀን ካለፈው ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል፤ 360 ቀን ካለፈ ደግሞ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል።

ምደባው በዋናነት ቀን የሚቆጥር እንጂ ምክንያት የሚጠይቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰበት ክረምት ሰብሉንና ከብቱን ያጣ ገበሬም፣ እያለው ያልከፈለም፣ በዘገየው ቀን ብዛት ብቻ ከታዩ አንድ ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ይህ የአሠራሩ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የመክፈያ ጊዜ የሚያራዝም አዲስ ውል ቢኖርም በአበዳሪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው።

መያዣ

በደባርቅ ከተማ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ባለሆቴል ወይም ነጋዴ ካልከፈለ፣ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው በተበዳሪው ላይ ይቆያል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትና ሰብልን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶችን በመያዣነት ለማስመዝገብ መንገድ ከፍቷል።

የስልክ ብድር

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀምሯል። የሚፈቀደው መጠን በደንበኛው የገንዘብ እንቅስቃሴና የአከፋፈል ልምድ ይሰላል።