የድሬ ሼክ ሁሴን ደጅና የእግረኞቹ መንገድ

ከወላይታ ሁምቦ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና መንገደኛ የቢላቴን ወንዝ ተሻግሮ፣ የሲዳማንና የአርሲን አገር አልፎ ከባሌ ቆላ ይደርሳል። በዚሁ ቆላ፣ ከዋቤ ሸበሌ በስተደቡብ፣ ድሬ ሼክ ሁሴን የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። የሼክ ኑር ሁሴን መቃብርና መስጊድ ያለባት ይህች ከተማ በስፋቷ ከቁጥር የምትገባ ባትሆንም፣ ለዘመናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ምእመናንን ስትሰበስብ ኖራለች።

የታሪክ ሊቃውንት ሼክ ሁሴንን ከ12ኛው እስከ 13ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ያስቀምጧቸዋል። ቦታው በጥንት ስሙ አናጂና ይባል ነበር። እሳቸውም በባሌና በአካባቢው እስልምናን ካስፋፉት መምህራን ቀዳሚው ተደርገው ይታሰባሉ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦርነትና ቀጥሎም የሕዝቦች ታላቅ እንቅስቃሴ የአገሩን መልክ በለወጠ ጊዜ፣ የቀድሞዎቹ የሙስሊም ግዛቶች ፈራረሱ። ደጁ ግን አልጠፋም፤ አዲስ የሰፈረው የአርሲ ኦሮሞ የራሱ አደረገው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የመልሱ አንዱ ክፍል የሚገኘው በመንገዱ ላይ ነው። ኦሮሞዎች አስቀድሞ ወደ አባ ሙዳ ይጓዙ ነበር። ጂላ የሚባሉት እነዚህ ተጓዦች በደረሱበት ሁሉ በክብር ይስተናገዱ፣ ሰውነታቸውም የተከበረ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት፣ የሼክ ሁሴን ተጓዥ ልማድ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ተጓዡ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይይዛል፤ በየመንደሩ እያደረ የሼኩን ውዳሴ በኦሮምኛ ያዜማል፤ ያገሬውም ሰው ስንቅ ይሰጠዋል። የአባ ሙዳ ጉዞ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተከልክሎ ሲቋረጥ፣ የድሬ ሼክ ሁሴን ጉዞ ግን ቀጠለ። በደጁም ከሙስሊሙ ጋር ሌላ እምነት ያላቸው ሰዎች ለስለት ሲመጡ ታይተዋል።

ለሕንጻው የነገሥታትም እጅ አልጎደለበትም። ከእ.ኤ.አ. 1783 እስከ 1794 የገዙት የሐረሩ አሚር ዐብዱልሸኩር በመቃብሩ ላይ ግንብ እንዳሠሩ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ወደ ከተማይቱ ደርሶ ያየውን በመጽሐፉ አስፍሯል። የሼኩን ገድል የሚተርከው «ረቢዕ አል ቁሉብ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927 በካይሮ ታትሟል። ነገር ግን ግንቡን በኖራ ነጭ አድርጎ፣ ቅጥሩን ጠግኖ ያቆየው በየዓመቱ የሚመለሰው ሕዝብ ነው። ትልቁ ጉዞ በዙልሒጃ ወር ከዐረፋ በዓል ጋር ይውላል።

ተመሳሳዩ ነገር በባሕር ማዶም አለ። በደቡብ ሕንድ በናጎር የሚገኘውን የሻሁል ሐሚድ መቃብር ሂንዱዎችም ይጎበኙታል፤ ከአምስቱ ሚናሮቹ ረጅሙን ያሠሩት የታንጃቩር ሂንዱ ንጉሥ ፕራታፕ ሲንግ ናቸው። በሁለቱም አገር አንድ እውነት ይታያል፤ የደጅ ዕድሜ የሚለካው ደጁን የእኔ በሚሉት ሰዎች ብዛት እንጂ በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ግን ፈተናው ሁለት ነው። በአንድ በኩል የቀብር ዚያራን ሃይማኖቱ አይፈቅድም የሚል ወገን በሙስሊሙ መካከል ክርክር አንስቷል፤ ይህ ለአማኞቹ ለራሳቸው የሚተው ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል የሳምንታቱን የእግር መንገድ መኪና አሳጥሮታል። መኪናው ሽማግሌውንና ሕመምተኛውን ጠቅሟል፤ ሆኖም ተጓዡ በመንደሩ ካላደረ፣ መንደርተኛው ውዳሴውን የሚሰማበት፣ እንግዳውንም የሚያስተናግድበት ጊዜ አይኖርም።

ቦታው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ገብቷል። ቅርስን የሚጠብቅ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ቅጥሩን ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በድሬ ሼክ ሁሴን ሥራው በዚህ ብቻ አይፈጸምም። የማደሪያ መንደሮቹ ስም፣ የበትሩ አሠራርና በቃል የሚተላለፈው ዜማ ከአሮጊቶችና ከሽማግሌዎች አንደበት በጊዜ ካልተመዘገቡ፣ ግንቡ ቢጠገንም ያቆመው መንገድ ይረሳል።