ከናፍቆታችሁ በቀር፤ የአሜሪካ ደብዳቤዎች ዜና

ከአሜሪካ ለሚመጣ ደብዳቤ መንገዱ የተጠረገው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ተቋቋመ፤ በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብቶ ውል ተዋዋለ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ አሜሪካ የሚሻገረው ጥቂት ሰው ነበረ፤ እርሱም በአብዛኛው ተምሮ የሚመለስ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ ኋላም ቀይ ሽብር ሆነ። ብዙ ወጣት ወደ ሱዳን ተሰደደ። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. የስደተኞች ሕግ ባወጣች ጊዜ ብዙዎች ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ገቡ። የተማረው ታክሲ ነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ጠበቀ፣ በሆቴል አልጋ አነጠፈ።

ከእነዚህ ስደተኞች በምዕራብ ሸዋ ላለችው ለባኮ ከተማ የተጻፈ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፎ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ፖስታ በየቤቱ ስለማይታደል በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ቁጥር ይመጣል። የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ ነበርና በአማርኛ የተጻፈውን ተማሪ ልጅ እያነበበ ለወላጆች በኦሮምኛ ይነግራቸዋል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተማረው ትውልድ በራሱ ቋንቋ ይጽፍ ጀመር።

የደብዳቤው ቃል «ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚል ነበር። የሌሊት ፈረቃው፣ ሁለት ቦታ መሥራቱ፣ የቤት ኪራዩ አይነሣም፤ እናት እንዳትጨነቅ ድካም ይደበቃል፤ በደርግ ዘመንም ፖስታ ይከፈታል ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ ነገር ይታለፋል።

ኖርዌያውያን ቀድመው በዚህ የስደትና የደብዳቤ መንገድ አልፈዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1825 ሬስታውራሾን በምትባል መርከብ 52 ሰዎች ከስታቫንገር ተነሡ። ከእነርሱ በኋላ የሄደው የርት ሆቭላንድ ስለ መሬቱና ስለ ኑሮው የጻፈው ደብዳቤ በእጅ እየተገለበጠ ከመንደር መንደር ተነበበ፤ ሌላውንም ለጉዞ አነሣሣ። በመቶ ዓመት ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰዎች ተሻገሩ። በ1925ም የኖርዌይ አሜሪካውያን የታሪክ ማኅበር በሚኔሶታ ተመሥርቶ የስደተኞቹን ደብዳቤዎች ሰበሰበ።

በ1983 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የዲቪን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድን፣ ዕጣ ለኢትዮጵያውያን ከፈተ። ተጓዡ በዛ፤ በካሴት የተቀዳ ድምፅ፣ ቀጥሎም ስልክ የደብዳቤን ቦታ ወሰደ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩት ወረቀቶች የአንድ ትውልድ የላብ ምስክር ናቸው፤ አይጣሉ፣ ይጠበቁ።