ድምፅ ያልተጠየቀበት ወንበር

ሞጣና ቢቸና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን እምቢ ብለው ጠመንጃ አነሱ። አውሮፕላን ቢዘምትባቸውም መጨረሻ ላይ ንጉሡ ውዝፉን ማሩ፤ ገዥውን ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁ ሥላሴንም ከጎጃም አነሱ። ይህ ሁሉ ሆኖ እስከ ዛሬ ሁለቱ ከተሞች «ፕሬዚዳንት ምረጡኝ» ብሎ ገበያቸው መሀል የሚቆም እጩ አይመጣላቸውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ አለቀ።

መስከረም 28 ቀን 1994 የተሾሙት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የግል ተመራጭ ነበሩ። ግን ለፓርላማው እንጂ ለቤተ መንግሥቱ ገበሬ ዘንድ ሄደው መቀስቀስ አላስፈለጋቸውም።

የሚገርመው ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ቀርበው፣ ሕዝቡን ድምፅ ጠይቀው አሸነፉ። መንግሥት ግን «የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፖለቲካ ይራቅ» የሚለውን ሕግ ጠቅሶ ጥቅማ ጥቅማቸውን ወሰደባቸው።