በፒያኖ ላይ ያረፈው የእረኞች ቅኝት

በፒያኖ ነጭ ቁልፎች ላይ ከዶ እስከ ዶ ሲወጣ የሚሰማው ሁሉም የሚያውቀው የሜጀር መሰላል ነው። ከነዚህ ድምፆች አራተኛው ፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ሰባተኛው ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲል ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት የሚል ሌላ መሰላል ይወለዳል። የጃዝ መምህራን «ሊዲያን ዶሚናንት» ይሉታል፤ የሃንጋሪ የሙዚቃ ሊቃውንት ደግሞ «አኩስቲክ» ብለውታል። ጣቱን ለማስለመድ ለሚሻ ተማሪ፣ የሶልን ሜሎዲክ ማይነር የመውጫ ድምፆች ከዶ ጀምሮ መጫወት ይበቃዋል። መሰላሉን በጣት መያዝ በዚህ ያበቃል። መረዳት ግን ከማን እጅ እንደመጣ መጠየቅን ይጠይቃል።

ቤላ ባርቶክ (1881-1945 እ.ኤ.አ.) ከ1907 ጀምሮ በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ ፒያኖ ያስተማረ ሰው ነው። በዘመኑ የከተማው ኅብረተሰብ «የሃንጋሪ ዜማ» ብሎ ይኮራበት የነበረው በአመዛኙ በየካፌው የሚሰማ፣ የከተማ ሰዎች የደረሱት ሙዚቃ ነበር። ባርቶክና ጓደኛው ዞልታን ኮዳይ ግን ፎኖግራፍ ተሸክመው ወደ ገጠር ወረዱ፤ በ1906ም 20 የገበሬ ዘፈኖችን በፒያኖ አጅበው አሳተሙ። ባርቶክ በሃንጋሪዎች ብቻ አልተወሰነም። የስሎቫክን ዜማ ሰበሰበ፤ ከ1909 ጀምሮም በቢሆር አውራጃ ከሚኖሩ የሩማኒያ ገበሬዎች መንደር ደረሰ።

በዚያ ከጭሰኛውና ከእረኛው አፍ የሰማው አራተኛ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነበር። በኮንሰርቫቶሪ ሕግ ለታሸ ጆሮ ይህ ከቅኝት መውጣት ይመስላል፤ ባርቶክ ግን ሳያርም በሰም ላይ ቀረጸው፣ በኖታም አሰፈረው። በ1915 ለፒያኖ ባዘጋጀው «የሩማኒያ ሕዝባዊ ጭፈራዎች» ውስጥ አምስተኛው ጭፈራ ይህንኑ ከፍ ያለ አራተኛ ድምፅ ይዞ ይገኛል።

ይህ ሥራ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የቢሆርን 371 ዜማዎች በ1913 ያሳተመው የቡካሬስት አካዳሚ ነበር። በ1920፣ ሃንጋሪ በትሪያኖን ውል ትራንሲልቫኒያን በተነጠቀችበት ዓመት፣ ባርቶክ ስለ ሩማኒያ ገበሬዎች ሙዚቃ በመጻፉ ብቻ በአገሩ ጋዜጣ ላይ አገር ወዳድ አይደለም ተብሎ ተከሰሰ። የጎረቤትን ሕዝብ ዜማ በትክክል መጻፍ እንደ ክህደት ተቆጠረ ማለት ነው።

መሰላሉ ምሉዕ ሆኖ የሚሰማው በ1937 በደረሰው ለሁለት ፒያኖና ለምት መሣሪያዎች በተጻፈው ሶናታ ነው። በሦስተኛው ክፍል መክፈቻ ፒያኖዎቹ የዶ ሜጀር ኮርድ ሲመቱ፣ ዜማውን የሚያነሣው ዛይሎፎን ፋ ሻርፕንና ሲ ፍላትን ይዞ ይገባል። ሥራው በጥር 1938 በባዝል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ በፒያኖዎቹ የተቀመጡት ባርቶክና ባለቤቱ ዲታ ፓስቶሪ ነበሩ።

«አኩስቲክ» የሚለውን ስም ያስፋፋው በ1955 ስለ ባርቶክ ስልት መጽሐፍ ያወጣው ኤርኖ ሌንድቫይ ነው። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የሚነፋ ቱቦ ወይም የሚንዘር ክር አንድ ድምፅ ብቻ አይሰጥም፤ በላዩ የሚደረደሩ ከፍተኛ ድምፆች አሉት። ከነዚህ መካከል ከስምንተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ያሉት ይህንን መሰላል ይመስላሉ። የጣት ቀዳዳ የሌለውን እምቢልታ ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ድምፁ የሚለወጠው በትንፋሽ ኃይል ነው። የስሎቫክ እረኞች ኮንትሶቭካ የተባለ ቀዳዳ አልባ ዋሽንትም የቱቦው ጫፍ በጣት እየተከፈተና እየተዘጋ በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

ይሁንና ስያሜው ከሚገባው በላይ ይናገራል። አሥራ አንደኛው ድምፅ በፋና በፋ ሻርፕ መካከል አጋማሽ ላይ ነው፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ስለሚወድቅ አይገኝም። አሥራ ሦስተኛው ከላ ይልቅ ለላ ፍላት ይቀርባል። አሥራ አራተኛውም ከፒያኖው ሲ ፍላት በግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ መሰላሉን ተፈጥሮ ብቻዋን ለፒያኖ አላስረከበችም፤ በትውልዶች ጆሮ የተመረጠውን ባርቶክ ለአሥራ ሁለቱ ቁልፎች አመቻቸው። የፊዚክስ ሰንጠረዥን ጠቅሶ የገበሬውን ስም መተው የታሪክ ጉድለት ነው። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች በአንጻሩ ፋ ሻርፕን የሚመርጠው በሌላ ምክንያት ነው፦ በዶሚናንት ሰባተኛ ኮርድ ላይ ፋ ከሚ ጋር ሲጋጭ ፋ ሻርፕ ኮርዱን ሳያውክ ያበራዋልና።

ባርቶክ በ1934 ከአካዳሚው የማስተማር ሥራ ተላቆ በሳይንስ አካዳሚ ዜማዎቹን ማደራጀት ጀመረ፤ በ1940 ፋሺዝምን ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በመስከረም 1945 በኒውዮርክ ሲሞት ታላቁ የሩማኒያ ዜማዎች ስብስብ ገና በእጅ ጽሑፍ ነበር። በአምስት ቅጽ ታትሞ የተጠናቀቀው ከ1967 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ነው።