ከጠመንጃ ወደ ሽጉጥ፤ የአንድ ትንሽ መሣሪያ ስያሜ ታሪክ

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋና ወደ ሐረር ለመዝለቅ በገፋ ጊዜ፣ በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የሚመራው የኢትዮጵያ ሠራዊት በጉናጋዶ፣ በሰሰበኔና በደገሃቡር ዙሪያ መሽጎ ይጠብቀው ነበር። በዚያ ግንባር የደጃዝማቹ አማካሪ የነበሩት ቱርካዊው ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ነበሩ። የጦርነቱን ሂደት የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው የተረኩት ስለሆነ ወደዚያ አንገባም። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ግን በዚያ ምሽግ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አንዱ ቃል በአማካሪውና በተዋጊው ዘንድ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች መጠሪያ መሆኑ ነው። በቱርክኛ «ታባንጃ» ማለት በወገብ የሚታጠቁት አጭሩ መሣሪያ ነው። ይህንኑ ቃል «ጠመንጃ» ብሎ የተቀበለው ኢትዮጵያዊ ወታደር ግን ቃሉን የሚያውቀው በትከሻው ላይ ለሚያነግተው ረጅም መሣሪያ ነበር።

«ጠመንጃ» ከቱርክኛ የመጣው በዐረብኛ በኩል ነው። በግብፅና በሱዳን ዐረብኛ «ጠበንጃ» እስከ ዛሬ ድረስ ሽጉጥ ማለት ነው። በአማርኛም ቀደም ያለው «ጠበንጃ» የሚለው አጻጻፍ የ«በ»ን ድምፅ ጠብቆ ይዟል። «ጠብመንጃ» በሚለው ሦስተኛ አጻጻፍ ውስጥ «ጠብ» የሚለውን ቃል አይተው የጠብ መሣሪያ ነውና እንዲህ ተባለ የሚሉ አሉ፤ ለወግ የሚመች ቢሆንም ከሕዝባዊ ሥርወ ቃል የሚያልፍ አይደለም። ለተርጓሚ የሚጠቅመው ከሱዳን ዐረብኛ ሲተረጉም «ጠበንጃ» የሚለውን ቃል መልኩን አይቶ «ጠመንጃ» ቢለው ሽጉጡን ረጅም መሣሪያ እንደሚያደርገው ማወቁ ነው።

አጭሩ እንዴት ረጅም ሆነ? ጠመንጃ ከመምጣቱ በፊት ለተኳሽ መሣሪያ ሁሉ የሚያገለግለው ቃል «ነፍጥ» ነበር። እርሱም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው የሚነድ ዘይት ነው፤ ኋላም ለባሩድና ለመሣሪያው መጠሪያ ሆኗል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦርና የፖርቱጋል ወታደሮች በየፊናቸው ይዘውት የዘለቁት መሣሪያ በግእዝ ዜና መዋዕሎች የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በእኛ ግምት «ጠመንጃ» የገባው የነፍጥ ምትክ ሆኖ ነው። ተቀባዩ ሕዝብ አጭሩንና ረጅሙን በስም የሚለይበት ምክንያት ገና አልነበረውም፤ በብዛት በእጁ የገባው ደግሞ ረጅሙ ነበርና ስሙም ከእርሱ ጋር ቀረ።

በዚህ ምክንያት አጭሩ መሣሪያ ኋላ በብዛት ሲመጣ ስም አልባ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ያወጣለት ስም ግን ከየትም አልተዋሰም። «ሸጎጠ» ማለት በጠባብ ቦታ፣ በሁለት ነገር መካከል ሰውሮ አስገባ ማለት ነው፤ ከ«ደጎሰ» «ድጉስ» እንደወጣ ሁሉ ከ«ሸጎጠ» «ሽጉጥ» ወጣ። መሣሪያው የተሰየመው በሠሪው ወይም በሚተኩሰው ሳይሆን በአያያዙ ነው። ነጠላ ወይም ካባ ለብሶ በመታጠቂያው ሥር የሚሸጉጥ ሰው ያወጣው ስም መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ከረጅሞቹ መሣሪያዎች ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ በምሥራቁ በር መሣሪያ በብዛት ሲገባ እያንዳንዱ ከነስሙ ገብቷል። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር»፣ የቤልጅጉ «ቤልጅግ» ተባለ። ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» የሚሉት የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ደግሞ «ውጅግራ» ሆነ፤ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ በአማርኛ አፍ የተሞረደው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሽጉጦችም በሠሪያቸው መጠራት የጀመሩት ዘግየት ብለው ነው። ቤሬታ ከጣሊያን ወረራ ጋር፣ ኮልት ከአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ ጋር፣ ማካሮቭ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ጋር መጡ። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅም፣ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል ሲገኝም፣ ሁለቱም ወገኖች የያዙት መሣሪያ በአብዛኛው ከአንድ አገር የተሠራ ስለነበር የአንዳንዱ መሣሪያ ስም በአማርኛና በሶማልኛ አንድ ዓይነት ሆኖ ቀርቷል።

ስሞቹ ይህን ያህል ናቸው። አስቸጋሪው ጉዳይ የአሠራሩ ስያሜ ነው። አንድ ሰው ሕጋዊ ፈቃዱን ይዞ በመካከለኛ ገንዘብ የመጀመሪያውን ሽጉጥ፣ ያውም የቀድሞውን ሥሪት መልክ የጠበቀውን ሊመርጥ ቢነሣ፣ ወይም አንድ ተርጓሚ የዚህን ዓይነት የሽያጭ መዘርዝር ወደ አማርኛ ሊመልስ ቢቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚገጥመው «ከፊል አውቶማቲክ» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ ትርጉሙን ለማያውቅ አንባቢ ምንም አይነግርም፤ ግማሹ አውቶማቲክ የሆነ ነገር ሌላው ግማሹ ምን እንደሆነ ማን ይገምታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተኳሹ የሽጉጡን ተንሸራታች የላይ ክፍል በእጁ ወደ ኋላ ስቦ ሲለቀው የመጀመሪያው ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ወደ በርሜሉ ይገባል። ሲተኩስ የፍንዳታው ኃይል ያንኑ ክፍል ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ክፍሉ ወደ ፊት ሲመለስ ቀጣዩን ጥይት ይዞ ይገባል። ሁለተኛ ለመተኮስ ግን ጣትን አላልቶ እንደገና መሳብ ግድ ነው። አውቶማቲክ የሚባለው መሣሪያ ግን ጣት እስካልተነሣ ድረስ ይተኩሳል። እንግዲህ ሽጉጡ በራሱ የሚሠራው መጉረሱን ነው፤ መተኮሱን አይደለም።

«መጉረስ» ያልነው ሆን ብለን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጥይት «አጎረሰ» ይላል፤ ለመተኮስ የተዘጋጀውንም መሣሪያ «ጥይት የጎረሰ» ይለዋል። ጀርመኖችም ሩሲያውያንም ይህንኑ ሽጉጥ በየቋንቋቸው «ራሱን የሚያጎርስ» በሚል ፍች ይጠሩታል። ስለዚህ «ራስ ጎራሽ ሽጉጥ» ብንለው ከሕዝቡ አነጋገርም ከመሣሪያው አሠራርም ጋር ይስማማል። በአንጻሩ የሚሽከረከር የጥይት ቤት ያለውን «ባለ ሽክርክሪት ሽጉጥ» ማለት ይቻላል፤ «ሽጉጥ» የሁለቱም የጋራ ስም ሆኖ ይቀራል።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ኮልትንና ብራውኒንግን የመሰሉ ሽጉጦች የወጡት ሠሪዎቹ ራሳቸው «አውቶማቲክ» እያሏቸው ነው፤ ቃሉ በዚያን ጊዜ ራስ ጎራሽ ማለት ብቻ ነበር። የድሮ መዘርዝር አግኝቶ «አውቶማቲክ ሽጉጥ» ብሎ በቀጥታ የሚመልስ ተርጓሚ ቃሉን በትክክል ተርጉሞ ነገሩን ይስታል። በብዙ አገሮች ሕግ አውቶማቲክ መሣሪያ ለግለሰብ የተከለከለ ሲሆን ራስ ጎራሹ ግን በፈቃድ ሊያዝ ይችላል። በእኛም አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ የመሣሪያ ዓይነት በጽሑፍ የሚመዘገብበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ባለፈቃዱን ወንጀለኛ ለማስመሰል አንድ የተሳሳተ ቅጽል ይበቃል።

ከዚህ የከፋው የ«ቃታ» ጉዳይ ነው። «ቃታ ሳበ» ሲባል አንዱ ተናጋሪ ጣት የሚያርፍበትን ክፍል፣ ሌላው ከኋላ ተነሥቶ የሚመታውን መዶሻ፣ ሦስተኛው ጥይት ለማጉረስ በእጅ የሚሳበውን ክፍል ሊያስብ ይችላል። ጣት ለሚያርፍበት ደግሞ «ምላጭ» የሚል ሌላ ቃል አለ። የሶማሌ ክልል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ሶማልኛ ነው፤ መዝገቡ ወደ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ሲሄድ በአማርኛ ይነበባል። ምስክሩ በጅጅጋ በሶማልኛ የተናገረውን ተርጓሚው «ቃታ ሳበ» ብሎ ቢጽፈው፣ ተከሳሹ መሣሪያውን አጎረሰ ማለት ነው ወይስ ሊተኩስ ምላጩን ሳበ? በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የመሰናዳት ተግባር በአንቀጽ 26፣ ሙከራ በአንቀጽ 27 የተደነገጉት ለየብቻ ነው፤ መሰናዳት በመሠረቱ አያስቀጣም፣ ሙከራ ግን ያስቀጣል። የሰው ነጻነት በአንድ ግልጽ ባልሆነ ቃል ላይ የሚንጠለጠልበት ሁኔታ ይህ ነው።

ስለዚህ «ምላጭ» ጣት ለሚስበው፣ «ቃታ» ለመዶሻው ብቻ እንዲወሰን፣ ሦስተኛውም «አጎረሰ» እየተባለ እንዲገለጽ እናሳስባለን። ይህ ክፍፍል በሥራ ላይ ሲውል ሌላም በር ይከፍታል። ኮልት 1911፣ ቶካሬቭና ቤሬታ 1934 ምላጫቸው የተነሣውን ቃታ ከመልቀቅ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ የማካሮቭ ምላጭ ግን ራሱ ቃታውን አንሥቶ ራሱ ይለቀዋል። የፊተኛውን «ለቃቂ ምላጭ»፣ የኋለኛውን «አንሺ ለቃቂ ምላጭ» ብንላቸው መራጩም አንባቢውም ልዩነቱን ሳያስረዱት ይረዳዋል። የእንግሊዝኛውን አጠራር በቁሙ ገልብጦ «ነጠላ ተግባር» «ድርብ ተግባር» ማለት ግን የትኛው ተግባር እንደሆነ ስለማይነግር አይበጅም።

«ካዝና» ሳይነካ ይቅር። ለጥይት መያዣው በባዕድ ቃል «ማጋዚን» ይባል የሚሉ ሰዎች፣ ያም ቃል ከዐረብኛው «መኽዘን» ወደ አውሮፓ የተሻገረና ከ«ካዝና» ጋር የአንድ ሥር ልጅ መሆኑን ቢያውቁ ባልደከሙም ነበር። ሁለቱም ማከማቻ ማለት ናቸው፤ የእኛው ግን በአጭሩ መንገድ መጣ።

የመጨረሻው ነጥብ የቁጥር ነው። በገበያም በመዝገብም «ባለ 9 ሽጉጥ» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን የቤሬታ 1934 ጥይት 9 በ17፣ የማካሮቭ 9 በ18፣ ፓራቤለም የሚባለው 9 በ19 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አያገለግልም። የማካሮቩ እርሳስ እንዲያውም ስሙ 9 ይሁን እንጂ ውፍረቱ ወደ 9.2 ሚሊሜትር ይጠጋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የጻፈ ተርጓሚ ገዢውን ለማይገባው ጥይት ይዳርገዋል፤ ፖሊሱንም በቦታው የተገኘው ቀለህ ከየትኛው ሽጉጥ እንደወጣ ያሳስተዋል። ሁለቱም ቁጥሮች «9 በ18» እየተባሉ በአንድነት ይጻፉ። ከሶማልኛ የሚተረጉሙም «ሐባድ» የሚለው ቃል ጥይትም፣ ፍሬም፣ በቁጥር አንድ ነጠላ ነገርም ማለት እንደሆነ አይዘንጉ፤ «ቆሪ»ም እንዲሁ እንጨት ሲሆን በተዘዋዋሪ መሣሪያ ነው፤ ሽጉጡ «ባስቶላድ» ይባላል። በቅርብ ዓመታት በፖሊስ መግለጫዎች ውስጥ «ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ይነበባል። «ታባንጃ» ከብዙ ዘመን በኋላ ከገዛ አገሩ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስሙን አራግፎ የእኛን ለብሷል።