ከትሏ በፊት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው እኛው ቤት ነው፤ አንዱ ጥፋተኛም እኔው ነኝ።

የእህቴ ልጅ ክራር የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማንም አላስገደዳትም። የጎረቤት ሠርግ ላይ ክራር መቺ አይታ መጣችና በማግስቱ የጫማ ካርቶን ላይ ላስቲክ ወጥራ ስታንቃጭል ዋለች። እናቷ ይህን አየች። እቁቡ በደረሳት ሳምንት ክራር ገዛችላት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደስ ይሉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ክራሩን ታነሳለች፤ ስትሳሳት ራሷ ትስቃለች። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ ለይታ መቃኘት ስትችል ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። ጉዱም የመጣው ያኔ ነው።

እንግዳ ሲመጣ “እስቲ ክራርሽን አምጪ።” ማኅበር ሲሆን “ክራርሽስ?” የአጎቷ ልጅ ሲመረቅ እሷ ናት ድግሱን የምታደምቀው። እናቷ በስልኳ ትቀርጻለች፣ ቲክቶክ ላይ ትለቃለች፣ ማታ ደግሞ ስንት ሰው እንዳየው ትቆጥራለች። ማክሰኞና ሐሙስ አስተማሪ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ትምህርት፣ እሑድ ከሰዓት የባህል ቡድን ልምምድ። በዚህ ላይ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አለ፤ እሱን አለፍኩ ስትል ዘጠነኛ ክፍል ይጠብቃታል። አሥራ አምስት ሲሞላት ሰዓቷ ሁሉ የክራሩ ሆነ፤ ክራሩ ግን የእሷ መሆኑ ቀረ።

ምልክቱ ነበር፤ ያስተዋለው ነው የጠፋው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሆዷን ያማታል። ስትሳሳት መሳቅ ትታ ጥርሷን ትነክሳለች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ተረከዝ ደድሯል። ቀኝ እጇ ግርፉን ይገርፋል፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አይነቀልም። ዜማው አንዲት ነገር አልተዛነፈም። እኔም አጨብጭቤ ወጣሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ነው፣ አስተማሪው ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ አላላቻቸው። አልበጠሰችም፣ አላለቀሰችም። መቃኛውን እያዞረች እስኪረግቡ ድረስ ፈታችና ክራሩን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

“ምን ሆነሻል?” አለች እናቷ።

“ምንም። እጄ እምቢ አለኝ።”

ከዚያማ ቤቱ ተናወጠ። “ስንት ብር የፈሰሰበት!” “ሰው ምን ይለናል!” በመጨረሻ ለእኔ ተደወለ፤ “መጥተህ ምከራት” ተባልኩ። መካሪ ነኝ ብዬ የቅዱስ ያሬድን ትል ይዤ ከች አልኩ። ትሏን የማያውቅ ማን አለ? ዛፍ ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወደቀች፣ በሰባተኛው ወጣች፤ ያሬድም እሷን አይቶ በረታ። እጄን እያወናጨፍኩ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ በጨዋነት ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና አለችና፣

“ጋሼ፣ ያሬድ ግን ዛፉ ሥር ምን ይሠራ ነበር?” አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ለካ ታሪኩን ዕድሜ ልኬን ከመሃሉ ነው የምጀምረው!

ከመጀመሪያው ስንጀምረው እንዲህ ነው። ያሬድ በ505 ዓ.ም. አክሱም ተወለደ ይባላል። አባቱ ሲሞት፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እናቱ አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት ወሰደችው። ልጁ ትምህርቱ አልገባው አለ። መምህሩ ገረፉት፤ ደግመው ገረፉት። መገረፉ ሲበዛበት ከአክሱም ወጥቶ ጠፋ። ማይ ኪራሕ ሲደርስ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ትሏ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው! ያን ቀን ያሬድ እጁ ላይ መጽሐፍ የለም፣ ፊቱ አለንጋ የለም፣ “ድገም” የሚለው የለም። ትል ስትወጣና ስትወርድ ሰባት ጊዜ ለመቁጠር ሥራ መፍታት ያስፈልጋል። ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሰጠን ሰው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበትን ጥላ ትተን፣ ትሏን ብቻ ነቅለን ልጆቻችንን እንገርፍባታለን።

ይህን ለእህቴ ብነግራት አልተዋጠላትም። “ይጠፋባታል! አንድ ዓመት ካልነካችው ሁሉም ይጠፋል” አለች። እኔም እልህ ይዞኝ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አነሳሁ።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት! ጤናቸው ታውኮ ተመለሱ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ሲከለከሉ ደግሞ እህል አልቀምስም ብለው ለሞት ተቃረቡ። ከዚያ ሙዚቃውን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ። አሥር ዓመት ያህል ባዶ እግራቸውን፣ ፒያኖ በሌለበት አምባ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ግን ከዚያ በኋላ በቀረጹት ፒያኖ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ጣታቸው አልረሳም።

እርግጥ የእሳቸው መከልከል ነው፣ የእኛዋ ደግሞ መብዛት፤ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እህቴም አልሳተችውም። ዓይኗን አፍጥጣ “ታዲያ ልጄ ትመንኩስ ነው የምትለኝ?” አለች። ልጅቷ ከጓዳ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ክራሩን መተዋን ለአስተማሪው የነገርኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ዝም ብሎ “እኔም በእሷ ዕድሜ ዓመት ሙሉ አልነካሁም ነበር” አለኝ። ቀጠለና፣ “ለወላጅ ግን አይነገርም፤ ክፍያው ይቀራል።”

ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሆዷን አያማትም፤ እስከ ሦስት ሰዓት ትተኛለች። የጣቶቿ ጫፍ እየለሰለሰ ነው። ባለፈው እናቷ ቤት ስትወለውል ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥታ ነጠላውን ገለጠች፤ አቧራውን ስትጠርግ እጇ ክሩን ነካው። ረግቧልና ድምፅ እንኳ አልሰጠም። መቃኛውን ያዘች።

“እማዬ፣ ተይው” አለች ልጅቷ ከታች፣ ቡና እየቆላች።

እህቴ ነጠላውን መልሳ ሸፈነችና ወረደች።